ባለ መስመሩ ጠርሙስ

የዚያን ዕለት ጠዋት አባባ ጥርሳቸውን ያወጡት ከፕላስቲክ ኩባያ ነበር። ጭንቄ አይታቸዋለች። እሷ ዳቦ ስትቆርጥ ሽማግሌው አማቷ ሁለት ጣታቸውን ኩባያው ውስጥ ከተቱ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ከውሃው አወጡ፣ አራገፉት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ገጠሙት። ከዚያ ዞር ብለው «እህ፣ አሁን ሰው ሆንኩ» አሉ እንደ ወትሯቸው። አየች እንጂ ልብ አላለችም። ልብ ለማለት ልብ ውስጥ ትርፍ ቦታ ያስፈልጋል፤ የእሷ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። መብራት ጠፍቶ ክሬሙ ቢቀልጥስ? መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ጠርሙሶቹ ቢጋጩስ? ሙዙ ጠቁሮ ቢታይስ? ከእንግዶቹ አንዱ ወተት የማይስማማው ሆኖ ወንበሩ ላይ ክንብል ቢልስ? ዳቦውን ቆርጣ ስትጨርስ እንግዳውን ሆስፒታል አድርሳ፣ ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ሰጥታ፣ ልጆቿን ለማን አደራ እንደምትሰጥ እያሰበች ነበር።

ጭንቄ እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ባሏ ገና ሲተዋወቁ ነው ያወጣላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይ ልንጠጣ ብሎ የቀጠራት ቀን፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች፣ ጃንጥላና የቁስል ፕላስተር ይዛ ጠበቀችው። «ፕላስተሩ ለምንድነው?» ቢላት «አይታወቅም» አለችው። ሳቀ፤ ስሙም ቀረ። ዛሬ ጎረቤቱም፣ ባለ ሱቁም፣ አባባም የሚጠሯት በዚሁ ነው።

ዛሬ ግን የሚያስጨንቅ ነገር አልጠፋም። የባሏ ታላቅ እህት፣ እትዬ፣ ልጃቸው ተመርቃ ምሳ ደግሰዋል። እትዬ ንጽሕና ወዳድ ናቸው፤ ወንድማቸው እንደሚለው ሳሙናውን ራሱን በሳሙና የሚያጥቡ ሴት ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ጭንቄ ራሷ የጋገረችውን ባለ ለውዝ ብስኩት በትሪ ይዛ የእትዬ ኩሽና በር ላይ ስትደርስ፣ ከውስጥ ድምፃቸውን ሰማች። «እሷ የምታመጣውን እኔ ፊት እንዳታቀርቢው፤ ለሌላው ስጪ» ይሏታል ሠራተኛቸውን። ጭንቄ ትሪውን እንደያዘች ትንሽ ቆማ፣ እግሯን ጎትታ ድምፅ አሰማችና አሁን የደረሰች መስላ ገባች። ለባሏ አልነገረችውም። ሆዱ ውስጥ ነገር የማያድር ሰው ስለሆነ፣ ሄዶ እህቱን ፊት ለፊት ይጠይቃታል ብላ ፈራች። ብቻ እጄን ተጸየፉት ብላ ደመደመች። ከዚያ ወዲህ በተጠራች ቁጥር ብስኩቱን ይበልጥ አሳምራ፣ ለውዙን ይበልጥ አብዝታ ትወስዳለች፤ ሰው ሁሉ ይበላል፤ እትዬ አንድ ቀን እንኳ አልቀመሱላትም። ሁለቱ ሴቶች ሲገናኙ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ፣ የልጆችን ደህንነት ይጠያየቃሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ።

ታዲያ ያች ተመራቂ ልጅ ናት ጉዱን ያመጣችው። አንድ ቀን ወደ አጎቷ ቤት ጎራ ብላ ጭንቄ ለልጆቿ በጠርሙስ የምትሠራውን ጣፋጭ ቀመሰች። ከሥር የተፈጨ ብስኩት፣ በላዩ ቫኒላ ያለው የወተትና የእንቁላል ክሬም፣ በላዩ ሙዝ፣ በላዩ የተመታ ነጭ ክሬም፣ እንደገና ብስኩት። ልጆቹ «ድርብርብ» ይሉታል። ልጅቷ አንዱን ጨርሳ ሁለተኛውን ደገመችና፣ ቤቷ ሄዳ ድርብርቡ ከሌለ ምሳው ይቅርብኝ አለች። እትዬም ደወሉ። «ለሠላሳ ሰው ይሆናል? እንግዲህ አደራ» ብለው ዘጉ። አደራ የምትለዋ ቃል ጭንቄ ጆሮ ውስጥ ስታንቃጭል ሰነበተች። ዛሬ ካማረላት በዚያ ቤት ስሟ ይቃናል። ካበላሸችው ግን የእሷ እጅ ከዚያ ገበታ ላይ ለዘለዓለም ተሰረዘ።

ባሏ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። የጓደኛውን ጭነት መኪና ተውሶ፣ ጠርሙሶቹን ካርቶን ውስጥ ደርድሮ፣ በመካከላቸው ጋዜጣ ጠቅጥቆ፣ በረዶ በፌስታል አድርጎ ዙሪያውን አስደገፈ። ልጆቹ ከኋላ ካርቶኑን አቅፈው ተቀመጡ፤ አባባ ከፊት።

«አንቺስ?» አላት።

«እኔ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ጠርሙሱ ሲንቀጫቀጭ እየሰማሁ መንገድ ላይ ልሙት?»

«እንዳሻሽ። አውቶቡሱ ከተገለበጠ ደውዪልኝ።»

መኪናው እስኪታጠፍ በር ላይ ቆማ ተከተለችው። ከዚያ ድስቶቹን አጠበች፣ ልብሷን ቀየረች፣ የአባባን አልጋ ላንጥፍ ብላ ገባች። ብርድ ልብሱን አጠፈች፣ የመስኮቱን ደፍ ልትወለውል እጇን ዘረጋች፤ እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ። የአባባ ጠርሙስ የለም። ለዓመታት የቆመበት ቦታ ላይ ነጭ የውሃ ክብ ብቻ ቀርቷል። ማታ ማታ ጥርሳቸውን የሚያሳድሩበት ጠርሙስ ነው፤ እሳቸው ጠዋት የሚበሉት ማርማላታ የሚሸጥበት፣ አንገቱ ሰፊ፣ ክዳኑ ነጭ። ጭንቄ ጎረቤቱን ሁሉ ለምና የሰበሰበቻቸው ሠላሳ ጠርሙሶችም የዚያው የማርማላታ ናቸው። ያኔ የጠዋቱ ፕላስቲክ ኩባያ ትዝ አላት። አልጋው ላይ ዘፍ አለች።

ትላንት አንድ ጎድሎባት ነበር። ብትቆጥር ብትቆጥር ሃያ ዘጠኝ። ባሏ ብሎን የሚያጠራቅምበት አንድ ጠርሙስ ነበረው፤ «ብሎኔን ከነካሽ የሰው ፍሪጅ በር በአንቺ ጭንቀት ነው የምገጥመው?» ብሎ ከለከላት። እያጉረመረመች ወጣች፤ ሱቁ ተዘግቶ ጠበቃት፤ ባዶ እጇን ስትመለስ ግን ጠርሙሶቹ ሠላሳ ሆነው ተደርድረዋል። ከጭንቀቴ ብዛት ቆጠራ ስቻለሁ ብላ ራሷን ታዘበች። ሁሉንም በትልቁ ድስት ቀቀለቻቸው፤ እንዳይሆን እንዳይሆን ብላ ደገመቻቸው፤ ሠለሰቻቸው። የእንቁላሉን አስኳል ከስኳርና ከበቆሎ ስታርች ጋር መታች፣ ትኩሱን ወተት በጥቂት በጥቂቱ ጨመረችበት፣ እስኪወፍር እንደቆመች አማሰለች፣ ቆዳ እንዳያወጣ ፕላስቲክ አለበሰችው። ብስኩቱን በፌስታል አድርጋ በጠርሙስ ዳመጠች፣ ከቀለጠ ቅቤ ጋር ለወሰች። መቅዳት ስትጀምር ከጠርሙሶቹ አንዱ ላይ ስስ መስመር አየች፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ ዙሪያውን እኩል የዞረች። የፋብሪካ ምልክት መሰላት። እንዴት ያለ ዕድል ነው ብላ የቫኒላውን ክሬም ልክ እመስመሯ ድረስ ቀዳችና፣ ያን ጠርሙስ ፊቷ አቁማ ሌሎቹን ሁሉ በእሱ ልክ ሞላች። በሕይወቷ እንደዚያ እኩል የሆነ ነገር ሠርታ አታውቅም። ያኛው ከሁሉም አምሮ ስለታየት ወርቃማ ሪባን አሰረችለት፤ ለተመራቂዋ።

አሁን አልጋው ላይ ተቀምጣ መስመሯን ያሰመራት ማን እንደሆነ ገባት። አባባ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። እጃቸው እርሳስ ወይም ምስማር ካገኘ ምልክት ሳያደርግ አያልፍም። የልጅ ልጆቻቸው ቁመት በሩ መቃን ላይ ተሰምሯል፤ የመድኃኒታቸው ብልቃጥ ተሰምሯል፤ ሳሙናው ሳይቀር ተሰምሯል። የጥርሳቸው ጠርሙስም ላይ «ውሃው ከዚህ ካነሰ ጥርሴ ይጠማዋል» ብለው በሞረድ ጫፍ መስመር አዙረውበት ነበር።

ባሏ ጋ ደወለች። እየነዳ ነው መሰል አያነሳም። አውቶቡሱ ላይ ሆና ደጋግማ ሞከረች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» ብለው ብርቱካን ሰጧት። ልትልጠው ስትጀምር ስልኩ ጮኸ።

«ባለ ሪባኑን ጠርሙስ ለይተህ ደብቅልኝ።»

«የወርቃማውን? እሱንማ ለእትዬ በእጄ ሰጠኋት። የመጀመሪያው ያንቺ ነው አልኳት። ደስ አላት መሰለኝ፤ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።»

«ለተመራቂዋ ነበር እኮ ያሰርኩት።»

«ልጅቷ ሠላሳውንም ብትበላ አትጠግብም፤ ተያት። መያዝ እናትየዋን ነው። ምነው፣ ምን ሆነ?»

«ምንም። ምንም አልሆነም» አለች ጭንቄ፤ ብርቱካኑን ሳትልጥ ነከሰችው።

የእትዬ ቤት ገና ከበሩ በረኪና በረኪና ይሸታል። ጫማዎች ደጃፉ ላይ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል፤ ሶፋዎቹ የተገዙ ዕለት የለበሱትን ፕላስቲክ ዛሬም አላወለቁም፤ የተቀመጠባቸው እንግዳ ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንጫጫሉ። እትዬ ጉንጫቸውን አስጠግተው ሳሟት። «ደህና ነሽ? መንገዱስ?» አሉ። «ደህና ነኝ እትዬ። እንኳን ደስ አለዎት።» ከዚያ ያው ዝምታ። ሌሎቹ ጠርሙሶች ፍሪጅ ውስጥ ናቸው። ባለ ሪባኑ ግን ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ በእትዬ መቀመጫ ፊት፣ እንደ ዋንጫ ቆሟል። ጭንቄ ሰው ሁሉ ሳሎን መሆኑን አይታ፣ አንድ ሌላ ጠርሙስ በቀሚሷ ከልላ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። ሪባኑን ፈትታ ወደ ሌላው ልታዞር ነው። ቋጠሮው እንቢ አለ፤ በመጨረሻ ሲላላላት ከኋላዋ ኮቴ ተሰማት።

«ምን ሆነ?» አሉ እትዬ።

«ሪባኑ... የላላ መስሎኝ እትዬ፣ ላጥብቀው ብዬ።»

እትዬ ሪባኑን ከእጇ ተቀበሉ፣ በራሳቸው እጅ በደንብ አድርገው አሰሩት፣ ጠርሙሱን ወደ ራሳቸው አስጠጉት። «በይ ተቀመጪ፤ አንቺ ዛሬ እንግዳ ነሽ» አሉ። ጭንቄ በቀሚሷ የከለለችውን ጠርሙስ እንደያዘች ተቀመጠች።

ምሳው ቀረበ። ዘመዶቹ በሉ፣ ተጫወቱ፤ ባሏ የእትዬ ፍሪጅ ሞተሩ እንደሚያንኮራፋ እየነገረ አሳቃቸው፤ ተመራቂዋ ለአስረኛ ጊዜ ፎቶ ተነሣች። የጭንቄ ዓይን ግን ከእትዬ አልተነቀለም። እትዬ ሥጋቸውን ቆራርጠው ቆራርጠው ወደ ሳህኑ ዳር ገፉት፤ ዳቦውን መረቅ ነክረው ቀመሱ እንጂ ሌላ ነገር አልበሉም። ከወዲሁ ከፍቷቸዋል፤ ምግቡ እንኳ አልወርድ ብሏቸዋል፤ ድርብርቡንማ ገና ሳይቀምሱት ነው የሚተፉት ስትል አሰበች። ጠርሙሶቹ ሲታደሉ ልጅቷ «አክስቴ፣ እጅሽ ይባረክ» ብላ አንገቷን አቀፈቻት፤ ጭንቄ ወንበሯ ላይ ደርቃ ቀረች።

እትዬ ሪባኑን ፈቱ። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አንሥተው ዞር ዞር አደረጉት። ቆሙ።

«ይሄ ምንድነው? ተሰንጥቋል እንዴ?»

ጨዋታው ረገብ አለ። «ይስጡኝ እትዬ፣ እኔ ሌላ ልቀይርልዎ» አለች ጭንቄ፤ የከለለችውን ጠርሙስ በሁለት እጇ ዘርግታ ነበር። እትዬ ግን ጥፍራቸውን መስመሯ ላይ ዙሪያውን አስኬዱ። «ስንጥቅ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ይቺን መስመር አውቃታለሁ። አባባ፣ ይሄ የእርስዎ እጅ አይደለም?»

የአናጺ ልጅ ናቸውና እንዴት አያውቁትም። አባባ ማንኪያቸውን አስቀመጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ አንገታቸውን አስግገው አዩት። ጭንቄ መሬት ተከፍታ ብትውጣት እንኳ እንዳትቆሽሽ እትዬ ምንጣፍ ያነጥፉላት ይሆን ብላ አሰበች።

«የኔ ነው» አሉ አባባ።

«ጠርሙስ ላይ ለምን?»

«ለልክ ነዋ። ልክ የሌለው ነገር ምን ይረባል?» ከዚያ ኮስተር ብለው ወደ ጭንቄ አመለከቱ። «ማታ በኮሪደሩ ሳልፍ አይቻታለሁ፤ ሁሉንም የሞላችው በዚህች መስመር ነው። እስቲ የየራሳችሁን አንሡ።»

ሠላሳ ሰው ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አነሣ። ብስኩቱ፣ ቢጫው ክሬም፣ ሙዙ፣ ነጩ ክሬም ከዳር እስከ ዳር በአንድ ውሃ ልክ ቆሟል። «አይ እጅ» አሉ አንድ አዛውንት። ባሏ ራሱ የሠራው ይመስል ደረቱን ነፋ። እትዬም ማንኪያቸውን ከተቱ። አንዴ ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ማንኪያው የጠርሙሱን ሥር ሲፍቅ ብቻ ተሰማ። ብስኩቱ አዳሩን ከክሬሙ ረጥቦ እንደ ገንፎ ለስልሶ ነበር። «ሌላ ተርፏል?» አሉ። ጭንቄ የያዘችውን ሰጠቻቸው፤ እሱንም ጨረሱት።

እንግዳው ሲበተን ሁለቱ ሴቶች ኩሽና ውስጥ ተገናኙ። እትዬ ባለ መስመሩን ጠርሙስ ራሳቸው አጥበው በንጹሕ ፎጣ ያደርቁታል።

«ይሄን እኔ ላስቀረው። ለአንድ ጉዳይ እፈልገዋለሁ።»

«ቀቅዬዋለሁ» አለች ጭንቄ ሳታስበው።

«ማን አልቀቀልሽውም አለሽ?» አሉና እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ጎንበስ ብለው ጉንጯን ሳሟት፤ ይሄኛው መሳም ድምፅ ነበረው።

ሲመለሱ ልጆቹ ከኋላ ከባዶ ካርቶኖቹ ጋር ይላፋሉ፤ ጭንቄ ከፊት በባሏና በአባባ መካከል ተጣብቃለች።

«አባባ፣ ጠርሙሱን እርስዎ ነዎት ያስገቡት?»

«አንድ ጎደለኝ እያልሽ ለድስቱ ስትነግሪው ሰማሁ። ጥርሴን ወደ ኩባያው አዘዋወርኩና ከረድፉ መጨረሻ አቆምኩልሽ።»

«ታዲያ አይነግሩኝም?»

«ብነግርሽ ትሞዪው ነበር? ደግሞ ሦስቴ ስትቀቅዪው አይቻለሁ። እኔ ራሴ እንደዚያ ታጥቤ አላውቅም።»

ባሏ ነገሩ ሲገባው መኪናውን ዳር አስይዞ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ጭንቄ ግን ገና አልለቀቃትም። «እትዬ ቢያውቁስ?»

«ቢያውቁስ ትላለች። ምን ልታደርግበት የወሰደችው ይመስልሻል?» አባባ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «የላይኛውን ጥርሷን አስነቅላ እንደኔው ሰው ሠራሽ ካስገጠመች ሁለት ዓመት ሆናት። የጥርስ ሐኪሜ ማን እንደሆነ ልትጠይቀኝ ብላ ለኔ ብቻ ነው የነገረችው። ጠንከር ያለ ነገር እስካሁን አታኝክም፤ ሰው እንዳያይባትም ትፈራለች። ምን ላድርግ፤ ለባልሽ መዶሻዬን አወረስኩት፣ ለእሷ ድዴን።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ጣታቸውን ቀሰሩ። «ይሄ ወሬ ከዚህ መኪና ከወረደ መዶሻውን እቀበልሃለሁ።»

ጭንቄ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄደች። ትሪው ትዝ አላት፤ ብስኩቱ፤ ለውዙ። እሳቸው ባልበሉ ቁጥር፣ በዚህ ጊዜስ ይወዱልኛል እያለች፣ ለውዝ ስትጨምርበት ኖራለች። በመጨረሻው ጊዜማ ከዱቄቱ ለውዙ ይበልጥ ነበር። መጀመሪያ አፈረች፤ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ባሏ አለቀሰች ብሎ ደነገጠ። እየሳቀች ነበር፤ ዕንባዋ እስኪወርድ፣ አባባ ላይ እስክትደገፍ።

ቤት ሲደርሱ መሽቷል። አባባ የፕላስቲኩን ኩባያ አንሥተው በጥርጣሬ አዩት። ባሏ የብሎኑን ጠርሙስ ከመደርደሪያ አወረደና ብሎኖቹን ጋዜጣ ላይ ዘረገፋቸው። ጭንቄ አጠበችው፤ ቀቀለችው፤ አንዴ ብቻ። አባባ ሞረዳቸውን አምጥተው መብራት ሥር ተቀመጡ፤ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ዳር አውጥተው አዲስ መስመር አዞሩ፤ ውሃ ሞሉበትና መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ነጩ ክብ ላይ ልክ አስቀመጡት።

ጭንቄ ማታ ማታ በሩን ቆልፋ ትተኛለች፤ ቆልፌው ይሆን ብላ ትነሣለች፤ ትጎትተዋለች፤ ትመለሳለች፤ እንደገና ትነሣለች። ባሏ ከአልጋው ሆኖ መቁጠር ከለመደ ቆይቷል። አሁንም ሄዳ ቁልፉን አዞረች። ብረቱ ቀጭ አለ።

«አንድ» አለ ባሏ ከመኝታ ቤት፤ ሁለተኛውን ጠበቀ። ጭንቄ ግን ቁልፉን ከበሩ ነቅላ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።